አዲስ አበባ የተገለገልኩባቸው፦ ከታክሲው እስከ እናቶቹ ታይ ቺ

እናቴ ጥቅምት ላይ ግቢ ውስጥ ወደቀች። ባልዲ አንስታ ስትዞር እግሯ ከዳት። አጥንቷ ተርፏል፣ ተመስገን። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳ ሳትይዝ አትራመድም አሉኝ። እኔ የምኖረው ቶሮንቶ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ መርዳት ነው። የሰው እናት ሳነሳና ሳስቀምጥ እውላለሁ፤ የእኔን እናት ያነሳቻት የጎረቤት ልጅ ናት። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ስድስት ሳምንት ሰጡኝ፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ገባሁ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ወላጅ ብላችሁ ለምትመጡ ነው። ስለ ሆቴልና ስለ ምግብ ቤት የሚጽፍ ሞልቷል። የ79 ዓመት እናት ደግፎ ከተማ ውስጥ መንቀሳቀስ ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ባጭሩ እነግራችኋለሁ። አንዱን ግን ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ የሰፈር እናቶች የሚማሩበትን የታይ ቺና የቺጎንግ ትምህርት ቤት። ሁለቱም በዝግታ፣ ከትንፋሽ ጋር የሚሠሩ የቻይና የሰውነት ልምምዶች ናቸው። ትምህርት ቤት ስላችሁ ሕንፃ አትጠብቁ። የዕድር ግቢ ነው።

በረራው ጥሩ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቶሮንቶ በቀጥታ ያመጣል፣ ወደ 13 ሰዓት ይፈጃል። ጉልበቴ ስለሚያመኝ መተላለፊያው ዳር ወንበር ጠይቄ ሰጡኝ። ሲም ካርድ ኤርፖርት ውስጥ አወጣሁ፣ ቴሌብርም ከፈትኩ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም ነው፤ እኔ ለመጨረሻ ጊዜ አገሬን ያየሁት ከዚያ በፊት ነበር። አሁን ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት እንኳ ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ ሰቅላለች። ጥሬ ብር ይዞ መዞር ቀርቶልኛል።

ለመጓጓዣ የተጠቀምኩት በስልክ የሚጠራውን የራይድ ታክሲ ነው። መተግበሪያው ስልኬ ላይ ሲያስቸግር 8294 ደውዬ ነው የማስመጣው። ስለ ሾፌሮቹ አንድ ነገር ልበል። እናቴን ይዤ ስወጣ ከአምስቱ አራቱ ከመኪናቸው ወርደው በር ከፍተዋል። አንደኛው ልጅ፣ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ «እማማ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ እግር በኋላ ይገባል» አላት። እኔ ቶሮንቶ ለዚህ ሥልጠና ወስጃለሁ። እሱ ማን እንዳስተማረው ስጠይቀው «አያቴን አመላልስ ነበር» አለኝ። ቢሉ ላይ ጨምሬ ሰጠሁት፤ ቢቀበለኝም እናቴ የመረቀችው ነው ያስደሰተው።

ቅር ያሰኘኝ የፊዚዮቴራፒው ነገር ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። የአሥር ቀን ክፍያ በቅድሚያ ተቀበሉን። ባለሙያው እናቴ ጉልበት ላይ ማሽን ለጥፎ፣ መጋረጃውን ስቦ ይወጣል። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ተመልሶ ይነቅለዋል። በአራት ቀን ውስጥ አንድም ጊዜ «እስኪ ይነሱና ይራመዱ» አላላትም። እናቴ የወደቀችው ስትራመድ ነው እኮ። አምስተኛው ቀን ላይ ይህንኑ በትህትና ተናገርኩ። «ፕሮቶኮሉ እንዲህ ነው» አለኝ። የቀረውን ገንዘብ አልመለሱልኝም። ማሽን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ በቦታው ይጠቅማል። ሰው ሲራመድ ሳያዩ ስለ አረማመዱ ማከም ግን አይሆንም። ወላጆቻችሁን ስትወስዱ ከመክፈላችሁ በፊት «በእያንዳንዱ ቀን ስንት ደቂቃ ቆመው ይሠራሉ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ይልቅ የጠቀመን ጫማ ሰፊው ነው። ለእናቴ የገዛሁት ምርኩዝ ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ሲሚንቶ ላይ ያንሸራትታል። ስድስት ኪሎ አካባቢ ከአንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። አገላብጦ አየው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ በቢላ ክብ አድርጎ ቆረጠ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ በሁለት አጭር ሚስማር መታው። ከዚያ ራሱ ምርኩዙን ይዞ እርጥብ ሊስትሮ ድንጋይ ላይ ተደግፎ ሞከረው። አልተንሸራተተም። ምርኩዙን የሸጠልኝ ሱቅ ይህን አላሰበውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለዚህ ግን ከቶሮንቶ መጀመር አለብኝ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሥራ ላይ ወገቤ ተቀጨ። ሰው ስታነሳ የምትኖር ሴት ወገቧ ካልሠራ ምን ይቀራታል? ሐኪሜ «ታይ ቺ ሞክሪ» አለችኝ። ቻይናታውን፣ ዳርሲ ጎዳና ላይ ወዳለ ቦታ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን የገረመኝ አስተማሪዎቹ ደመወዝ እንደሌላቸው ነው። አንዷ ጡረታ የወጣች የባንክ ሠራተኛ ነበረች፣ አንዱ የአውቶቡስ ሾፌር። ከትምህርቱ መሀል ይቆምና ሻይና ብስኩት ይቀርባል። ሁሉም ተራ በተራ ስኒ ያጥባል። እኔ ይህን ሳይ ትዝ ያለኝ ማኅበራችን ነው። የጠበልና የዳቦው ተራ ነገር።

ያንን ትምህርት ቤት የመሠረቱት ሞይ ሊን ሺን የሚባሉ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1931 ደቡብ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ውስጥ ተወለዱ። ልጅ እያሉ በሽተኛ ስለነበሩ ገዳም ገብተው ሲሠለጥኑ እንደዳኑ ይነገራል። በኋላ ሆንግ ኮንግ ኖሩ፣ በ1970 ካናዳ ገቡ። ከታይ ቺ ስልቶች አንዱ የሆነውን የያንግ ቤተሰብ ረጅም ስልት ለጤና እንዲሆን አሻሽለው 108 እንቅስቃሴ አድርገው አስተማሩት። ትንሽ ክፍል ነበረች መጀመሪያ። ዘዴያቸው አንድ ነው፦ የተማረ ያስተምራል፣ ገንዘብ አይቀበልም። ተማሪው ለሥራ ሌላ ከተማ ሲዛወር እዚያ ክፍል ይከፍታል። በ1981 ከሁለት ጓዶቻቸው ጋር ፉንግ ሎይ ኮክ የተባለውን የታኦይስት፣ ማለትም የጥንታዊው የቻይና ሃይማኖት፣ ተቋም አቆሙ። ከቶሮንቶ ወጣ ብሎ፣ ኦሬንጅቪል አጠገብ፣ ስትሮክና ሌላ ጽኑ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቀናት እየሰነበቱ የሚለማመዱበት ማዕከል ተከፈተ። እሳቸው በ1998 አረፉ። ዛሬ ትምህርቱ ከ25 በላይ አገሮች ውስጥ አለ። ይህ ሁሉ የተሠራው ደመወዝ በማይከፈላቸው አስተማሪዎች ነው። እኔ ራሴ ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ ማክሰኞ ማታ አዲስ የሚመጡትን አለማምዳለሁ።

እናም አዲስ አበባ ስገባ ቦርሳዬ ውስጥ የታይ ቺ ጫማዬ ነበር። እናቴን እኔው አለማምዳታለሁ ብዬ ነው። አልሆነም። እናት ልጇን አትሰማም! «አንቺ ልጅ፣ አሁን ይህ የቻይና ዳንስ እግር ያጠነክራል?» ትለኛለች። መስቀል አደባባይ ወሰድኳት። ጠዋት ጠዋት ወጣቱ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ሲሮጥ፣ ሙዚቃ ከፍተው በቡድን ሲዘሉ ማየት ደስ ይላል። እሷ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አየችና «ይህ ለፈረስ ነው» አለች። ጃንሜዳም ሄድን። እዚያም ኳስና ሩጫ ነው። ለእሷ የሚሆን አላገኘሁም።

የነገረችን ጎረቤታችን ናት። «ከታች ባለው የዕድር ግቢ አሮጊቶች እጃቸውን የሚያወዛውዙበት አለ» አለችን። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄድን። የኅዳር ብርድ ታውቁታላችሁ። ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ነጠላቸውን አገልድመው፣ ከውስጥ ሹራብ ደርበው ቆመዋል። ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችም ከኋላ አሉ። ፊት ለፊት አንድ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ቀጭን ልጅ ቆሟል። ሙዚቃ የለም። የሚሰማው ትንፋሽና የእርግብ ድምፅ ነው። እጃቸውን አንድ ላይ ወደ ሰማይ ሲያነሱ እንባዬ መጣ። የማውቀው ነገር ነበር። ስምንቱ የሐር ጨርቅ የሚባለው የቺጎንግ ልምምድ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ነው። የቻይና መንግሥት የስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ ጤና አሰናድቶ ካሠራጫቸው አራት ልምምዶች አንዱ ነው። እኔ ቶሮንቶ የተማርኩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን መንገድ ላይ፣ የዕድር ድንኳንና ድስት ከሚቀመጥበት መጋዘን ፊት ጠበቀኝ።

ልምምዱ ሲያልቅ ቡና ተፈላ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የአጀማመሩን ታሪክ ከልጁም ከእናቶቹም እየሰማሁ አጠራቀምኩ።

ልጁ በቻይና የመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ አስተርጓሚ ነው። ልጅ እያለ እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ ኩንግ ፉ አፍቃሪ ነበር። ከዚያ ውሹ የሚባለው የቻይና የትግል ስፖርት ክለብ ገባ፣ 24 እንቅስቃሴ ያለውን አጭሩን ታይ ቺ እዚያ ተማረ። ይህ 24ቱ ራሱ የሚገርም ታሪክ አለው። ታይ ቺ በ17ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ሄናን ውስጥ ቼን የሚባል ቤተሰብ መንደር ውስጥ የነበረ የትግል ጥበብ ነው። ለብዙ ትውልድ ከቤተሰቡ አልወጣም ነበር። ያንግ ሉቻን የሚባል የቤተሰቡ ያልሆነ ሰው ተምሮት ቤጂንግ ወሰደው፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ለሕዝብ አስተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ የቻይና ስፖርት ኮሚሽን ሠራተኛም አሮጊትም እንዲችለው ብሎ አሳጥሮ 24 አደረገው። በአምስት ስድስት ደቂቃ ያልቃል። በ2020 ዩኔስኮ ታይ ቺን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ከአንድ ቤተሰብ ግቢ የወጣ ነገር ነው እንግዲህ።

ቺጎንጉን ልጁ የተማረው ከሌላ ሰው ነው። የመንገድ ሥራው ካምፕ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቻይናዊ ወጥ ሠሪ ነበሩ። ንጋት ላይ ምድጃው ከመለኮሱ በፊት ከድንኳኑ ጀርባ ብቻቸውን ይሠራሉ። እሱ አጠገባቸው ቆሞ መከተል ጀመረ። ለሁለት ዓመት አንድም ነገር በቃል አላስረዱትም አለኝ። ትከሻው ሲነሳ በጭልፋ መታ ያደርጉታል።

በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲመጣ ካምፑ ቆመ፣ ልጁ ቤቱ ገባ። አያቱ ጉልበታቸው ታስሮ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳ ቀርቶባቸዋል። ግቢ ውስጥ ወንበር አስይዞ ተረከዝ ማንሳት አስጀመራቸው። በቀን ሰባት ጊዜ፣ እንደ ስምንቱ የሐር ጨርቅ የመጨረሻ እንቅስቃሴ። ሁለት ጎረቤቶች በአጥር አሻግረው ሲያዩ ቆይተው ገቡ። ሁለት ሜትር ተራርቀው፣ ማስክ አድርገው፣ ሦስት አሮጊቶች። ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው የተጀመረው።

ከዚያ በቡና ተስፋፋ። አንዷ ሄዳ ለሌላዋ ትነግራለች። የዕድሩ ሊቀ መንበር ባለቤት ስትገባ ግቢው ተፈቀደ። ያለ ችግር አልነበረም። «ይህ ነገር ሃይማኖት ነው» የሚል ወሬ ተነሳ፣ ግማሹ ቀረ።

ይህን ጥያቄ እኔም በደንብ አውቀዋለሁ። ቶሮንቶ የምሄድበት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ የታኦይስቶች መቅደስ አለ፣ ዕጣን ይጨሳል። ተቋሙም ይህን አይደብቅም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ለነፍስ አባቴ ነግሬያቸው፣ መክረውኝ፣ እንቅስቃሴውን ብቻ እሠራለሁ፣ ወደ ላይ አልወጣም። አንድም ሰው አስገድዶኝ አያውቅም። ግን መጠየቄን ትክክል ነው እላለሁ። የአዲስ አበባዎቹ እናቶችም ጠየቁ። አንድ ሆነው ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዱ። አባም «ስትሠሩ ምን ትላላችሁ?» አሏቸው። «ምንም አንልም፣ እንተነፍሳለን» አሉ። «እንግዲያ ተንፍሱ» አሏቸው። ልጁም ከዚያ ወዲህ ቻይናውያን የሕይወት ኃይል የሚሉትን «ቺ» የሚል ቃል ትቶ «ትንፋሽ» ብቻ ይላል። ዛሬ ሙስሊም እናቶችም አሉ፤ ሂጃባቸውን አጥብቀው ከፊት ነው የሚቆሙት።

እናቴ እንዴት እንደጀመረች ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ወንበር ላይ ሆና አየች። ሁለተኛው ቅዳሜ ልጁ ወንበሩን ከፊቷ አዙሮ፣ መደገፊያውን አስይዞ አቆማት። «እማማ፣ የቀኝ እግርዎን ባዶ ያድርጉት» አላት። እናቴ «ልጄ፣ እግር እንዴት ባዶ ይሆናል?» አለችው። «ክብደትዎን ሁሉ ለግራው ይስጡት። ቀኙን ዶሮ እንኳ መጥታ ልትገፋው ትችላለች፣ እንዲያ ይሁን።» እናቴ ቀስ ብላ ወደ ግራ አዘነበለች። የቀኝ ተረከዟ ከመሬት ተላቀቀ። «አሁን ያንሱት» አላት። አነሳችው። አንድ ስንዝር ታህል። ወንበሩን የያዘ እጇ አልተጨበጠም ነበር፣ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነክታው ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ አራት ቀን ያላየሁት ነገር ይህ ነው።

ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ክብደቱ ገና ያለበትን እግር ሊያነሳ ሲል ነው። ታይ ቺ በእያንዳንዱ እርምጃ አንዱን እግር ሙሉ፣ አንዱን ባዶ ማድረግን ያስለምዳል። ይህን ሲሉ የሰማሁት አስተማሪዎችን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ 195 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ላይ በተሠራ ጥናት፣ በሳምንት ሁለቴ ለ24 ሳምንት ታይ ቺ የሠሩት ሰውነት ማፍታታት ብቻ ከሠሩት ያነሰ ወድቀዋል። በ2019 ደግሞ ከ23,000 በላይ አረጋውያን የተካፈሉባቸውን 108 ጥናቶች የመረመረ ግምገማ፣ የአካል እንቅስቃሴ መውደቅን በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥናቶቹ 108፣ የሞይ እንቅስቃሴዎች 108 መሆናቸው አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር።

የእንቅስቃሴዎቹን ስም እናቶቹ ቀይረውታል። ይህን ስነግራችሁ ፊቴ ይፈካል። 24ቱ ውስጥ «ነጠላ አለንጋ» የሚባል አለ። ግራ እጅ ወደፊት ይዘረጋል፣ ቀኝ እጅ ወደ ጎን ወጥቶ አምስቱ ጣቶች ጫፍ ለጫፍ ይገጥማሉ፣ ወደ ታች ያጎነብሳሉ። ቶሮንቶ አዲስ ተማሪ ይህን የእጅ ቅርጽ ለመያዝ ሳምንታት ይፈጅበታል። ጣቱ ይበታተናል። እዚህ ልጁ አንድ ጊዜ አሳየ፤ አንዲት እናት «ውይ፣ ጉርሻ ነው እኮ!» አለች። ሠላሳ እጅ በአንድ ጊዜ ትክክል ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጉርሻ ነው። ፒፓ በምትባል የቻይና ባለ አውታር መሣሪያ የተሰየመውን «ፒፓ መደርደር» በገና ብለውታል። እጅ እንደ ደመና የሚንሳፈፍበትን ደግሞ ብናኝ ማበጠር ይሉታል፤ ወገብ እንዲዞር ሲፈለግ «ሰፌዱን ይዘሽ ዙሪ» ትላለች አንዷ ለሌላዋ። እናቴ በበኩሏ ዳር ቆማ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ካየች በኋላ «ይህ እንደ መሪጌቶቹ ዝማሜ ነው» አለችኝ። መቋሚያ ይዘው፣ ሳይቸኩሉ፣ እግራቸው ሳይነቃነቅ የሚያዘነብሉትን ማለቷ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ይህን አስቤው አላውቅም።

አሁን ልጁ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ረቡዕን የምታሠራው ጡረታ የወጣች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። አርብ ሁለት እናቶች እየተጋገዙ ያሠራሉ። አንዷ የመጀመሪያዎቹን 12 ታውቃለች፣ ሌላዋ የኋለኞቹን 12። ቶሮንቶም በጅምሩ እንዲሁ ነበር የሚባለው፤ ሃያ የሚያውቅ አሥር ለሚያውቅ ያሳያል።

ሌላም ነገር አየሁ። አንዷ እናት ካዛንቺስ የምትኖር እህቷን ታመጣ ነበር። ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ እህትየዋ ከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ ቤት ደረሳት። ሩቅ ነው፣ መመላለስ አልቻለችም። እዚያ ማንንም አታውቅም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከየቦታው የመጣ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከሕንፃው ሥር ብቻዋን ጠዋት ጠዋት መሥራት ጀመረች። ሰው በመስኮት አያት። አንዲት ወረደች፣ ሌላዋ ወረደች። እኔ አንድ እሑድ በራይድ ሄጄ አየሁ፤ አሥራ አንድ ሆነዋል። ሁለቱ የቤታቸውን መፍረስ እያነሱ ያለቅሱ ነበር፣ ልምምዱ ሲጀመር ግን አንድ መስመር ያዙ። ታይ ቺ ቤት አይመልስም። ግን እነዚያ ሴቶች አሁን የጎረቤታቸውን ስም ያውቃሉ፣ ዕድር ሊያቋቁሙም እየተነጋገሩ ነበር።

ስለ ጉድለቱም ልናገር፤ ግምገማ ነውና። ግቢው ኮብልስቶን ነው፣ ሁለት ቦታ ተነቅሏል። ሚዛን ለሚለማመዱ ሰዎች ይህ አደገኛ ነው፤ ነግሬያቸው አንዱን ሞልተውታል። መጸዳጃ ቤቱ ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ይውላል፣ ቁልፉን የያዘው ዘበኛ ቅዳሜ አርፍዶ ነው የሚመጣው። ክረምት ላይ በዝናብ ምክንያት ይቋረጣል፣ መጋዘኑ ውስጥ አሥር ሰው ብቻ ይችላል። ወንበር አይበቃም ነበር፤ አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ገዛሁ። የደም ግፊት ያለባቸውን ቀድሞ የሚጠይቅ የለም። እኔ ከመመለሴ በፊት መምህርቷ ደብተር እንድታዘጋጅ ለመንኳት፣ እሺ ብላለች። ልጁም ደክሞታል። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ውሎ ሁለቱን የዕረፍት ቀኑን እዚህ ይሰጣል። ተጨማሪ አሠሪ ያስፈልገዋል።

ክፍያው በወር መቶ ብር ነው፣ ወደ ዕድሩ ሣጥን ይገባል። የሌላት አትከፍልም፣ ማንም አይጠይቃትም። ልጁ ከዚያ ውስጥ ምንም አይወስድም። ልከፍለው ስሞክር ደንግጦ እጁን ኪሱ ከተተ። «ሽማግሌው ወጥ ሠሪም አላስከፈሉኝም» አለኝ።

ለምትሄዱ፦ ልብስ ደርባችሁ ሂዱ፣ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል። ሶሉ ስስና ጠፍጣፋ የሆነ ጫማ አድርጉ፣ ወፍራም ስኒከር መሬቱን ያስረሳችኋል። ከውጭ የምትመጡ የመጀመሪያውን ሳምንት አትቸኩሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እኔ ለዘጠኝ ዓመት የሠራሁትን እንኳ ሦስተኛው ልምምድ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆሜያለሁ። አንዲት የሰባ ዓመት እናት ዞር ብላ «ቀስ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ቡናው እንዳያመልጣችሁ። ስኒ ለማጠብም ተሰለፉ፣ እንግዳ ነኝ ብላችሁ አትቀመጡ።

እናቴ በአምስተኛው ሳምንት ከበር እስከ ውሃ ቧንቧው ምርኩዟን ብቻ ይዛ ሄደች። ግድግዳውን አልነካችም። ባልዲውን ገና አላስነሳኋትም።

ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ቅዳሜ ልምምዱ እንዳለቀ ትደውልልኛለች፤ እኔ ጋ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ ከሥራ ገብቼ ሻይ የማፈላበት። ባለፈው ሳምንት ድምፅዋ ከወትሮው ፈጥኗል። አንዲት አዲስ ሴትዮ መጥታለች፣ ከወገቧ የጎበጠች፣ የምትይዘው ወንበር አጥታ ቆማለች። ልጁ ከፊት ረድፍ ጋር ነበር። እናቴ የራሷን ወንበር ገፍታ አጠገቧ አቆመችላት። «እኔ እጄን በእጇ ላይ አድርጌ ጉርሻውን አስያዝኳት» አለችኝ። «ከዚያስ?» አልኳት። «ከዚያማ አብረን ዞርን።»